የፊደል ለቃሚው ጣት

እናንተ ከነገ ወዲያ ጠመኔ ጨብጣችሁ በሰሌዳ ፊት የምትቆሙ ተመራቂዎች፤

የዚህ ማሠልጠኛ ኃላፊዎች ስለ መምህርነት ክብር እንድናገር ቢጋብዙኝም፣ ስለ ክብር መናገሩን ለሚያውቁበት ትቼ፣ በዕድሜው ሙሉ አንድ ቀን እንኳ መምህር ያልተባለውን፣ 87 ዓመት ኖሮ በ1983 ዓ.ም. ያረፈውን አባቴን ላነሣ ፈቃዳችሁ ይሁን።

አባቴ ከዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ጉባኤ ተነሥቶ፣ አቧራውን ሳያራግፍ፣ በ22 ዓመቱ አዲስ አበባ ገባና፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1914 ዓ.ም. ባቋቋሙት በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆነ። የፈረንጅ ለቃሚ በ26 ፊደሉ፣ በትልቁና በትንሹ፣ ሲገላገል፣ የእኛው ለቃሚ ግን 33ቱን ፊደላት ከነሰባት መልካቸው 231 አድርጎ፣ ዲቃሎቹንና አኃዙን በዚያ ላይ ጨምሮ፣ ፊቱ በመስተዋት እንደሚታይ የተገለበጠውን የእርሳስ ፊደል ከየሳጥኑ አንድ በአንድ እየለቀመ ቃል ማቆም ነበረበት። ስለዚህ የአመልካች ጣቱ ጫፍ በሎሚ ቢታሽም የማይለቅ ጥቁረት ነበረበትና፣ በዓል በመጣ ቁጥር የኩታውን ጥለት የምታስተካክልለት እናቴ ነበረች፤ እርሱ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ሕፃን ይቆምላታል።

እናቴን ያገባት በ1927 ዓ.ም.፣ ከማይጨው ዘመቻ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ማንበብ አታውቅም ነበር። ቀኑን ሙሉ ለአገር ሁሉ ፊደል ሲለቅም የሚውል ሰው ሚስቱን ሀሁ ሳያስቆጥር መኖሩ ነውር ነው፤ እኔም ልጁ ሆኜ አልሸሽገውም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በተጋቡ በዓመቱ ሊያስተምራት ጀምሮ፣ ራብዕን ከኀምስ እያምታታች ብታስቸግረው፣ የቅኔ ቤቱ ቁጣ መጣበትና ጮኸባት። እርሷም መጽሐፉን አጥፋ፣ «አንቱ ያንብቡ፤ እኔ እሰማለሁ» አለችው። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ፣ ማታ ማታ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት፤ እኛ ልጆቹ ፍቅር ይመስለን ነበር። ፍቅርም ነበረ፣ ነገር ግን ንስሓም ነበረበት።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በታወጀ ጊዜ፣ ስድሳ ዓመት የሞላት እናቴ ተመዘገበች። አባቴም 75 ዓመቱ ሳለ፣ ፋኖስ ይዞ፣ በጭቃው እየመራት፣ ማታ ማታ እስከ ቀበሌው አዳራሽ ያደርሳትና ጋቢውን ተከናንቦ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። የልጅ ልጁ የሚሆን አስተማሪ አንድ ቀን ወጥቶ፣ «አባባ፣ ብርድ ነው፤ ለምን አይገቡም?» ቢለው፣ «ተማሪ እንዳልሆን ፊደል አውቃለሁ፤ መምህር እንዳልሆን ደግሞ ራሴን አውቃለሁ» ብሎ መለሰለት። ፈተናውን አልፋ የምስክር ወረቀቷን የተቀበለች ዕለት ግን ገባ፤ ከሁሉ ኋላ ቆሞ ሲያጨበጭብ፣ ሌሎቹ ካቆሙ በኋላ የእርሱ ጭብጨባ ብቻ ቀረ። እኔ እስከ ዛሬ ካየሁት ምረቃ ሁሉ የሚበልጥብኝ ያ ነው፤ የዛሬውን ማሳነሴ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ተራው ተለወጠ፤ የአማርኛውን ዳዊት የምታነብ እርሷ፣ የሚሰማ እርሱ ሆነ። ፊደል ስትስት ድምፁን አያሰማም፤ ያንን ጥቁር ጣቱን ብቻ ከጋቢው ሥር ከፍ ያደርጋል፣ እርሷም ተመልሳ ታቃናለች። ዐይኑ ከደከመ ወዲህ እንኳ በጆሮው ብቻ አንዲት ግድፈት አታመልጠውም ነበር።

በመጨረሻው ሌሊት እኔ በራስጌው ነበርሁ። እናቴ መብራቱን አስጠግታ ስታነብ አንድ ቃል ሳተች፤ ዘወትር እንደምታደርገው ንባቧን ገታ አድርጋ ጣቱን ጠበቀች። ጣቱ አልተነሣም። ቃሉን ራሷ አቃንታ እንደ ገና አነበበችው፤ ከዚያም መጽሐፉን አጥፋ፣ ጋቢውን እስከ አገጩ አለበሰችው።