የሚጮኸውና ዝም የሚለው

ዛሬ ከወትሮው የፖለቲካ ወሬያችን ወጣ ብዬ ስለ ሁለት ጀርመናውያን፣ ስለ አንድ የፊልም ዳይሬክተርና ስለ አንድ ተዋናይ ነው የማወራችሁ። «ምን ነካው ደግሞ?» እንዳትሉኝ፣ ምክንያት አለኝ። በቅርቡ አንድ ተመልካች ጥያቄ ልከውልኝ ነበር። በሚኖሩበት ከተማ ባለው ማኅበራቸው ውስጥ እጅግ ችሎታ ያለው አንድ ሰው አለ። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ በር ወርውሮ ይወጣል። ሥራ ላይ ሲቀመጥ ግን የሚተካከለው የለም። «ችለነው እንኑር ወይስ ይቅርብን?» ነው ጥያቄያቸው። እኔም በጥድፊያ መልስ ከመስጠት ይልቅ ይህን ታሪክ ላስቀድም ብዬ ነው።

ዳይሬክተሩ ቨርነር ሄርዞግ ይባላል። ተዋናዩ ደግሞ ክላውስ ኪንስኪ። በ15 ዓመት ውስጥ አምስት ፊልሞች አብረው ሠርተዋል። በ1972 «አጊሬ፣ የእግዚአብሔር ቁጣ»፣ በ1979 «ኖስፌራቱ» እና «ቮይሴክ»፣ በ1982 «ፊትስካራልዶ»፣ በ1987 «ኮብራ ቨርዴ»። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ከእነዚህ ፊልሞች ሁለቱ፣ ሦስቱ ዛሬም በየፊልም ትምህርት ቤቱ ይታያሉ። ሰዎቹ ግን በእያንዳንዱ ቀረጻ ላይ ለመገዳደል እየደረሱ ነው የሠሯቸው። «ለመገዳደል» ስላችሁ ለማሳመር አይደለም፤ እንደ ቃሉ ውሰዱት።

ትውውቃቸው ራሱ ይገርማል። ሄርዞግ በ1942 ነው የተወለደው፤ ኪንስኪ በ16 ዓመት ይበልጠዋል። ሄርዞግ የ13 ዓመት ልጅ ሳለ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሙኒክ ውስጥ አንድ የኪራይ ቤት ይኖር ነበር። እዚያው ቤት ውስጥ ገና ስም ያላወጣ ችግረኛ ተዋናይ ተጠግቶ ነበር፤ ያ ሰው ኪንስኪ ነው። ሄርዞግ ሲያወራ አንድ ቀን ኪንስኪ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ቆለፈና ሁለት ቀን ሙሉ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ሲያደቅ ዋለ፣ አደረ ይላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ማዕድ ላይ የተቀመጠ አንድ የቲያትር ሐያሲ «ትናንት ግሩም ነበርክ» ብሎ ቢያሞግሰው፣ ትኩስ ድንች ፊቱ ላይ ወረወረበት። ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? ሙገሳው አነሰ! «ግሩም» ለእሱ ስድብ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ፣ ሄርዞግ ይህን ሁሉ በዓይኑ እያየ ነው ያደገው። ከ15 ዓመት በላይ ቆይቶ «አጊሬ»ን ሲጽፍ፣ በአማዞን ጫካ አብዶ የሚያምጽ የስፔን ወታደር ሚና ለማን እንስጠው ሲባል የላከው ለማን ነው? ለዚያው መታጠቢያ ቤት ለሰበረው ሰው። አላወቅሁም ነበር ሊል አይችልም። አውቆ ነው የጠራው።

«አጊሬ» ፔሩ ውስጥ፣ ወንዝ ላይ በእንጨት ታንኳና በተራራ ገደል ላይ በትንሽ ገንዘብ የተቀረጸ ፊልም ነው። ኪንስኪ ሚናውን በጩኸት፣ በእብደት መጫወት ፈለገ። ሄርዞግ ደግሞ ረጋ ያለ፣ ከውስጥ የሚያስፈራ አጊሬ ነበር የሚፈልገው። ምን አደረገ? አልተከራከረውም። ኪንስኪ እስኪወጣለት ይጮኻል፣ ይራገማል፣ አረፋ ይደፍቃል፤ ዳይሬክተሩ ቆሞ ይጠብቃል። ሰውየው ጉልበቱ አልቆ፣ ድምፁ ዝቅ ሲል፣ ያኔ ካሜራው ይነሣል። ፊልሙን ያያችሁ ያንን ጎንበስ ብሎ እንደ ሸርጣን በወገቡ ተጣሞ የሚሄድ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ታስታውሱታላችሁ። ያ ጸጥታ የተገኘው እንዲህ ነው።

ቀረጻው ሊያልቅ ሲል ኪንስኪ ጓዙን ሸክፎ «እሄዳለሁ» አለ። ሄርዞግ ቀርቦ በረጋ ድምፅ፣ ጠመንጃ እንዳለው፣ ጀልባዋ የወንዙን መታጠፊያ ሳታልፍ ስምንት ጥይት እንደሚያርፍበትና ዘጠነኛው ለራሱ ለሄርዞግ እንደሚሆን ነገረው። በእጁ መሣሪያ አልነበረም፤ «በጠመንጃ አስገድዶ አሠራው» የሚባለው በወሬ የበዛ ነው። ዛቻውን ግን ሄርዞግ ራሱ ያምናል። ኪንስኪም ቀልድ እንዳልሆነ ገብቶት ቀረጻውን ጨረሰ።

ወደ «ፊትስካራልዶ» ልውሰዳችሁ፤ ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው። ፊልሙ በጫካ መሐል የኦፔራ ቤት መሥራት ስላማረው ሰው ነው። ገንዘቡን ለማግኘት መርከብ በተራራ ላይ አሻግሮ ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ያወርዳል። ሄርዞግ በሞዴል፣ በሥዕል አልሠራውም፤ 320 ቶን የሚመዝን እውነተኛ መርከብ ነው ተራራ ያስወጣው። መጀመሪያ ዋናው ተዋናይ አሜሪካዊው ጄሰን ሮባርድስ ነበር። ከፊልሙ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ከተቀረጸ በኋላ በሆድ በሽታ ተይዞ አገሩ ገባ። አብሮት ሲጫወት የነበረው ዘፋኙ ሚክ ጃገርም ሥራ ነበረበትና ሄደ። ሁሉም ከዜሮ ተጀመረ፤ ኪንስኪም ተጠራ።

በዚያ ቀረጻ ላይ ኪንስኪ ምግብን ሰበብ አድርጎ የፕሮዳክሽን ኃላፊው ላይ ሲያጓራ የሚያሳይ ምስል አለ። በዘጋቢ ፊልም ላይ ስላለ እናንተም ልታዩት ትችላላችሁ። በፊልሙ የሚሳተፉት የጫካው ነባር ሕዝቦች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መጨቃጨቅ አያውቁም፤ በዝምታ ያዩታል። በኋላ ከአለቆቻቸው አንዱ ወደ ሄርዞግ መጣ። «ይህን ሰው እንግደልልህ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ሄርዞግ «የለም፣ ገና ለቀረጻው እፈልገዋለሁ» አለ። ከዚያ ሰዎቹ የነገሩት ነገር ነው ለዛሬው ወሬዬ መነሻ የሆነኝ። እኛ ያንን የሚጮኸውን አልፈራነውም፤ የፈራነው አንተን ነው፣ ዝም ስለምትል፣ አሉት።

እኔ ፖለቲካል ሳይንስ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ስሰማ ከመጽሐፍ ገጾች በላይ ያስተማረኝ መሰለኝ። ማክስ ቬበር ስለ ካሪዝማ ሲጽፍ ኃይሉ ያለው በሰውየው ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሚያምኑት፣ በሚቀበሉት ሰዎች ውስጥ ነው ይላል። ኪንስኪን እንይ። የጮኸው በማን ግቢ ነው? ገንዘቡን የሚከፍለው፣ ቀረጻውን የሚያስቆመው፣ «ይበቃል» ሊል የሚችለው ማን ነው? የጫካው ሰዎች የፊልም ትምህርት ቤት አልገቡም፣ ቬበርንም አላነበቡም። ሥልጣኑ የት እንዳለ ግን በአንድ ዓይን አዩት። እኛ የተማርነው ነን አህያውን ፈርተን ዳውላውን የምንመታው።

አንዱን አለቃ «ገና እፈልገዋለሁ» ብሎ የመለሰው መልስ ውስጥ ደግሞ ርኅራኄ አላየሁም። ያየሁት ሂሳብ ነው። ራሱ ሄርዞግ በአንድ ወቅት ኪንስኪን ከነቤቱ ሊያቃጥል አስቦ ሄዶ የኪንስኪ ውሻ እንዳከሸፈበት እየሳቀ ይተርካል።

እየሳቀ ይተርካል አልኩ። ታሪኩን ሁሉ የምንሰማው ከአንድ ወገን ነው። ኪንስኪ በ1991 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞተ። ሄርዞግ ስለ ወዳጅነታቸው «የምወደው ጠላቴ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም ያወጣው በ1999 ነው። ሟች መልስ አይሰጥም። እርግጥ ኪንስኪም በግለ ታሪኩ ሄርዞግን ያላለው ነገር የለም። ሄርዞግ ግን፣ መጽሐፉ እንዲሸጥ ስድቦቹን አብረን ነው መዝገበ ቃላት ገልጠን የፈለግናቸው ይላል። እውነት ይሁን አይሁን ሁለቱ ብቻ ነው የሚያውቁት፤ አሁን ደግሞ አንዱ ብቻ ነው ያለው።

ይህ ሁሉ ሲነገር ያስቃል። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። ግን ሂሳቡን የከፈለው ማን ነው? በ«አጊሬ» ቀረጻ አንድ ማታ አጃቢ ተዋናዮቹ ጎጆ ውስጥ ካርታ ሲጫወቱ ድምፃቸው ረበሸኝ ብሎ ኪንስኪ በጠመንጃ ሦስት ጊዜ ተኮሰባቸው። ብዙ ሰዎች ነበሩ ውስጥ። የአንዱን ጣት ጫፍ ቆረጠው። ሌላውን በቀረጻ ላይ ራሱን በሰይፍ መታው፤ የራስ ቁር ባያደርግ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? በኋላ በተሠራው ዘጋቢ ፊልም ላይ ሰውየው ጠባሳውን ያሳያል። በ«ፊትስካራልዶ» ጊዜ ደግሞ ከኪንስኪ መምጣት በፊት፣ የአጉዋሩና ሕዝብ በመሬታችን ላይ አትቀርጹም ብሎ በ1979 መጨረሻ ካምፑን አቃጥሎታል፤ ቡድኑም ወደ ሌላ ወንዝ ለመሄድ ተገደደ። በ«ኮብራ ቨርዴ» ቀረጻ ጋና ውስጥ፣ «አጊሬ»ንና «ፊትስካራልዶ»ን በካሜራ የያዘው ቶማስ ማውክ የኪንስኪ ስድብ ሲበዛበት ሥራውን ጥሎ ሄደ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው የምንለው ይኸ ነው፤ እዚህ ግን ሣሩን ማንም በስሙ አይጠራውም። ፊልሙ በ1982 ካን ላይ የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት አገኘ። የጣቱ ባለቤት በታሪኩ ውስጥ «አንድ አጃቢ ተዋናይ» ነው።

«ያለዚያ ሁሉ ጩኸት ግን ፊልሞቹ አይገኙም ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። ሄርዞግ በ1974 የካስፓር ሃውዘርን ፊልም የሠራው ከብሩኖ ኤስ ጋር ነው፤ የልጅነት ዘመኑን በየማሳደጊያው ያሳለፈ፣ የተዋናይነት ትምህርት የሌለው ሰው። ያም ፊልም በማግስቱ ዓመት ካን ላይ ታላቁን የዳኞች ሽልማት ወስዷል፤ ማንም ላይ አልተተኮሰም። ከኪንስኪ ሞት በኋላም ሄርዞግ ሥራው አልቆመም። በተቃራኒው ኪንስኪ ስለ ቫዮሊን ተጫዋቹ ፓጋኒኒ ራሱ ጽፎ ፊልም ለመሥራት ሲነሣ ሄርዞግን ዳይሬክት አድርግልኝ ብሎ ለምኖት ነበር። እንቢ አለው። ኪንስኪ ራሱ ዳይሬክት አድርጎ በ1989 አወጣው፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ፊልም አልሠራም። «እስኪወጣለት ይጩኽ» ብሎ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አልነበረውም።

ለኪንስኪም ፍርድ ልስጥ ካልኩ፣ ክላውዲያ ካርዲናሌና ኤቫ ማተስ በሄርዞግ ፊልም ላይ ቀርበው ደግ ሰው ነበር፣ አይዞሽ ባይ ነበር ብለው መስክረዋል። ሄርዞግ ያንን ፊልም የሚዘጋው በአንዲት ቢራቢሮ ነው። ጫካ ውስጥ ኪንስኪ ላይ ታርፋለች፣ ትነሣለች፣ ተመልሳ ታርፋለች፤ እሱ እንደ ሕፃን ፈገግ ይላል። በጣም ያምራል። ያየሁት ጊዜ እኔም ይቅር ልለው ዳድቶኝ ነበር።

ከዚያ በ2013 የኪንስኪ የበኩር ልጅ ፖላ መጽሐፍ አወጣች። አባቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ለዓመታት በጾታ ጥቃት እንዳሠቃያት ጻፈች። በየሄደችበት «አባትሽ እኮ ጂኒየስ ነው!» የሚላትን ሰው መስማት እንዳንገፈገፋት ተናገረች። እኔ ከዚያ ወዲያ ቢራቢሮዋን እንደ በፊቱ ማየት አልቻልኩም። ፊልሞቹን አትዩ አልላችሁም፤ «አጊሬ»ን እዩ። ስታዩ ግን ጎጆው ውስጥ ካርታ የሚጫወቱትንም አስቧቸው።

አሁን ወደ ጠያቂያችን ልመለስ። ስለ ሰውየው ጠባይ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈውልኛል፤ ስለ ሊቀመንበራችሁ ግን አንድ መስመር የለም። በሚቀጥለው ስብሰባ ያ ሰው መጮኽ ሲጀምር እሱን አይመልከቱት፣ የለመዱት ነው። ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉትን ይመልከቱ። ማን አንገቱን ደፋ? ጩኸቱ ሲያበቃ አጀንዳው በማን ሐሳብ አለፈ? ከዚያ ስብሰባ በኋላ ተመልሰው ያልመጡት እነማን ናቸው? እነዚያን ቤታቸው ድረስ ደውለው ይጠይቋቸውና ያሉትን ይጻፉልኝ፤ በስም ሳንጠራ እንነጋገርበታለን።

እስከዚያው ሰላም ሁኑልኝ።