መድኃኒት ሳያልቅ ስለ መተካት
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 ዕድር ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ጡሩምባው፣ ድንኳኑና ንፍሮው ነው። ይህም ትክክል ነው፤ የተቋቋምነው ለዚሁ ነውና። ይሁን እንጂ ዕድር የሚቆመው በቀባሪው ጤና ነው። ከመካከላችን ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈው ብዙ ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ በየቀኑ መድኃኒት የሚውጠው ጥቂት አይደለም። ደም ብዛት አለ፣ ስኳር አለ፣ አስም አለ፣ የሚጥል በሽታ አለ። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም መድኃኒት እንዳይቋረጥ እንዴት አድርገን እንቁጠር፣ እንያዝ፣ እንተካ የሚለው ነው። ሐኪም አይደለንም። ስለ በሽታው የሚናገረው ሐኪሙ ነው። ቆጠራውና አያያዙ ግን የእኛ የቤት ሥራ ነው።

በመሠረቱ ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው «ተሽሎኛል» ብሎ ነው። ደም ብዛት ብዙ ጊዜ አያምም፤ ራስ ምታት ስለሌለ ግፊቱ ወርዷል ማለት አይደለም። የወረደም ቢሆን ያወረደው መድኃኒቱ ነው። መድኃኒቱ ሲቆም ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፤ መጨረሻው ሽባነት ወይም የኩላሊት መድከም ሊሆን ይችላል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፌኖባርቢታልን በድንገት ቢያቆም ደግሞ በሽታው ያለ ማቋረጥ ደጋግሞ ሊጥለውና ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ሳያስቡት ማለቁ ነው። የመጀመሪያውን ሐኪሙ ይምከርበት፤ እኛ የምናተኩረው በሁለተኛው ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ቆጠራው እንግባ። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ በቀን አንድ ለሚውጥ ሰው 30 ፍሬ ልክ አንድ ወር ያደርሰዋል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ጳጉሜን የምትባል አለች! ሰው የሦስት ወር መድኃኒት 90 ፍሬ ሐምሌ 1 ቀን ተቀብሎ «እስከ መስከረም 30 አለኝ» ይላል። እስቲ እንቁጠር። ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5፤ ድምሩ 65 ነው። ከ90 ላይ የሚቀረው 25 ብቻ ስለሆነ መድኃኒቱ የሚያልቀው መስከረም 25 ቀን ነው። አምስት ቀን ባዶ ሆነ ማለት ነው። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት፣ ለምሳሌ በ2019 ዓ.ም.፣ ባዶው ስድስት ቀን ይሆናል። ነሐሴ 1 ቀን 30 ፍሬ የወሰደ ሰው ደግሞ የባሰ ነው፤ ነሐሴ 30 ያልቅበትና ጳጉሜንን ያለ መድኃኒት ከርሞ መስከረም 1 ሲመጣ የዘመን መለወጫ በዓል ይሆንበታል። ሥጋውና ጠላው፣ ጨዋማው ወጥ በቀረበበት ሰሞን የደም ብዛት መድኃኒት የለም ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን ይህ ነው፤ ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ሳንነሣ የተሰጠንን ፍሬ ብዛትና የቀጠሮውን ቀን እናስተያይ። ገንዘብ ስንቀበል ከመስኮቱ ሳንርቅ እንቆጥር የለም እንዴ? መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ቀጠሮው ከፍሬው በኋላ የሚውል ከሆነ እዚያው «ይህ እስከ ቀጠሮዬ አያደርሰኝም» ብለን እንናገር። በትሕትና ለጠየቀ ሰው ባለሙያዎቹ መላ አያጡም። ቤት ደርሶ ማጉረምረም ግን ጥቅም የለውም።

ሁለተኛው ምክራችን መዝገብ ነው። በጽሕፈት ሥራ የኖርን ሰዎች ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 እየተመዘገበ ከወጪ ቀሪው ሲታወቅ አይተናል። ለቤት መድኃኒት ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ የልጆች ደብተር አንድ ገጽ ይበቃል። የመድኃኒቱን ስም፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ፣ የተቀበልንበትን ቀን፣ የፍሬውን ብዛት፣ በቀን ስንት እንደምንወስድና የሚያልቅበትን ቀን እንጻፍ። ለምሳሌ ጥቅምት 5 ቀን ሜትፎርሚን 500 ሚሊግራም 60 ፍሬ ተቀበልን እንበል። በቀን 2 ከሆነ ለ30 ቀን ይበቃል፤ የመጨረሻው ቀን ኅዳር 4 ነው። ከዚያ 10 ቀን ወደ ኋላ ቆጥረን ጥቅምት 24 ላይ በቀይ ምልክት እናድርግ። ያ ቀን መንገድ የምንጀምርበት ቀን ነው። ዐሥር ቀን ለምን አስፈለገ ቢባል፣ በመጀመሪያው መድኃኒት ቤት «የለም» ልንባል እንችላለን። ያን ጊዜ ሌላ ለመፈለግ፣ ከነማ መድኃኒት ቤቶችን ለማዳረስ፣ ካልሆነም ወደ ሐኪሙ ተመልሶ በምትኩ ሌላ ለማሳዘዝ ጊዜ ይኖረናል። የጤና መድን አባል የሆነ ሰው ደግሞ የመታወቂያው ማደሻ ቀን እንዳያልፍበት በዚያው ገጽ ላይ ይጻፈው። የፌኖባርቢታል ተጠቃሚ ከሁሉም ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ በልዩ ማዘዣ ካልሆነ ስለማይሸጥ ቀጠሮ ያለፈበት ሰው በልመና አያገኘውም።

በሳጥኑ ላይ ስለሚጻፈው ቀንም አንድ ነገር እንበል። የማብቂያው ዘመን የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ2018 ዓ.ም. የተገዛ ሳጥን ላይ 09/2026 የሚል ያየ ሰው «ገና ስምንት ዓመት አለው» ብሎ ሣጥን ውስጥ ቢያስቀምጠው ተሳሳተ። ያ ቀን በእኛ መስከረም 20 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን መድኃኒት ሲልኩ «ጠዋት በ8 ሰዓት» ብለው ቢጽፉ የእኛ 2 ሰዓት ማለታቸው ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ሲባልም በ12 ሰዓት ልዩነት ነው፤ ጠዋት በ1 ሰዓት የወሰደ ማታም በ1 ሰዓት ይውሰድ እንጂ ጠዋትና ምሳ ላይ አያድርገው። የረሳም ቢሆን በሚቀጥለው ጊዜ ደርቦ አይዋጥ።

ከዚህም ሌላ አንድ መድኃኒት ብዙ ስም አለው። አምሎዲፒን የሚባለው የደም ብዛት መድኃኒት በኖርቫስክ ስም ይገኛል፤ ሜትፎርሚን በግሉኮፋጅ ስም ይገኛል። ፋብሪካው ሲለወጥ ቀለሙም ቅርጹም ይለወጣል። ታዲያ ከውጭ የተላከውን ኖርቫስክ ጠዋት፣ ከመንግሥት ጤና ጣቢያ የመጣውን አምሎዲፒን ማታ የሚውጥ ሰው አንዱን መድኃኒት በእጥፍ ወሰደ ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ ሳጥን ሲመጣ አሮጌውን ሳጥን ይዞ ሄዶ ለመድኃኒት ባለሙያው ማሳየት ነው። ሰው ስንልክም በቃል «የደም ብዛት መድኃኒቴን አምጣልኝ» ብለን አንላክ፤ ሳጥኑንና ማዘዣውን አስይዘን እንላክ። ጎረቤት ሲያልቅበትም ከራሳችን ቆንጥረን መስጠት ደግነት ይምሰል እንጂ አይደለም። በሽታው አንድ ዓይነት ቢሆንም መድኃኒቱና መጠኑ የተለያየ ነው። እጁን ይዞ ጤና ጣቢያ ማድረስ ይሻላል።

ኢንሱሊን የሚወጉ አባላትም አሉን። ያልተከፈተው ጠርሙስ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ፤ በረዶ በሚሠራው ክፍል ግን አይግባ፣ በረዶ የመታው ኢንሱሊን አይሠራምና። የተከፈተው ጥላና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ለ4 ሳምንት ያህል ይቆያል። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ትንሽ ሸክላ በትልቅ ሸክላ ውስጥ አድርጎ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ሞልቶ፣ መድኃኒቱን በላስቲክ ጠቅልሎ በትንሹ ውስጥ ያስቀምጥ። አንዱ ጠርሙስ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ከሆነ 1,000 ዩኒት ይይዛል። በቀን 40 ዩኒት የሚወስድ ሰው በ25 ቀን ይጨርሰዋል፤ ወር ያደርሰኛል ብሎ አይዘናጋ።

ስለ ጾምና ጸበል ሳንናገር ብናልፍ ንግግራችን ጎደሎ ይሆናል። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾመውም ሆነ በረመዳን ለሚጾመው ነገሩ አንድ ነው፤ እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለውን የስኳር መድኃኒት ውጦ ሳይበሉ መዋል ስኳርን አውርዶ ይጥላል። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንም የነፍስ አባትንም ሆነ ሼሁን ማማከር ነው። በሁለቱም ሃይማኖት በሽተኛ አይገደድም። ጸበልንም በሚመለከት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበሉ ጋር አብሮ እንዲወሰድ በይፋ መክረዋል። ስለዚህ ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን በጓዙ ውስጥ ይያዝ።

አሁን ወደ ራሳችን ወደ ዕድሩ እንመለስ። መድኃኒት በብዛት የሚቋረጠው የት እንደሆነ እናውቃለን? በልቅሶ ቤት ነው። ባሏ የሞተባት እናት ሦስት ቀን ፍራሽ ላይ ስትቀመጥ እህል አልቀምስም ትላለች፤ እኛም «ትንሽ ቅመሺ እንጂ» እንላለን፤ መድኃኒትሽስ የሚላት ግን የለም። ድንኳን ሲተከል ዕቃው ሁሉ ከቦታው ይነሣል፣ ኪኒኑም ከሣጥኑ ጋር የትም ይወረወራል። ካለፉት ዓመታት በአንዱ ከአባሎቻችን አንዷ የባለቤታቸው አርባ ሳይወጣ በደም ብዛት ወድቀው ሽባ ሆነዋል። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ መድኃኒት እንዳልወሰዱ የታወቀው ሐኪም ቤት ሲደርሱ ነው። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ የጠየቀ ግን አልነበረም። ለመርዶ ወደ ገጠር በሌሊት አውቶቡስ የሚነሣውም እንዲሁ ነው፤ ነጠላውን እንጂ መድኃኒቱን አያስታውስም።

ስለሆነም ለጠቅላላ ስብሰባው የምናቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ልቅሶ በደረሰ ቁጥር ከሴቶች ወገን አንዲት፣ ከወንዶች ወገን አንድ ሰው ተመድበው የሐዘንተኞቹን መድኃኒት በአንድ ቦታ ይሰብስቡ፤ ጠዋትና ማታም «እትዬ፣ መድኃኒትዎን ወስደዋል? ጋሼ፣ ምሳ ቀምሰዋል?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን በየቀጠናው አንድ ጎረቤት የቆጠራውን ደብተር ያግዛቸው፤ ይህም በፈቃዳቸው ይሁን፣ በሽታቸውም ምስጢር ሆኖ ይጠበቅ። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ በነሐሴ ወር በሚደረገው ስብሰባ ጸሐፊው ስለ ጳጉሜን ያስታውሱን። ለዚህ ሁሉ ከዕድሩ ሣጥን አንድ ብር አይወጣም።

የሞተን አባል አክብሮ መቅበር የቆየ ወጋችን ነው፤ ይቀጥል። ከዚያ በተረፈ ጡሩምባው ያለ ጊዜው እንዳይነፋ የሚቻለንን እናድርግ። ከዛሬው ስብሰባ ስንመለስ እያንዳንዳችን የቀረንን ፍሬ እንቁጠርና የሚያልቅበትን ቀን እንጻፍ።

እግዚአብሔር ለሁላችንም ጤናና ዕድሜ ይስጥልን።