ስለ ሽንኩርት ቅጠል ተባይ ለተማሪዎች የተነገረ ንግግር



በመቂ፥ በዝዋይና በአዋሽ ዳር በመስኖ ሽንኩርት የሚተክል ገበሬ ለዘርና ለማዳበሪያ፥ ለውሃ መሳቢያውም ነዳጅ የተበደረውን ገንዘብ የሚከፍለው ከሽንኩርቱ ራስ ነው። ራሱ ሳይወፍር የቀረ እንደ ሆነ ዕዳው በቤት ይቀራል። ራሱን ከሚያከሱት ተባዮች ዋነኛው ትሪፕስ የሚባለው ነው።

ቁመቱ 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ጥፋቱን እንጂ አጥፊውን አያይም፤ ቅጠሉ ነጥቶ እንደ ብር ሲያብለጨልጭ፥ ጫፉም ሲደርቅ «ፀሐይ መታው» ይላል። ተባዩ ቅጠሉን እንደ አንበጣ ቈርጦ አይበላም፤ ገጹን እየፋቀ ጭማቂውን ይመጥጣል። ልምላሜው ያለቀበት ቅጠል ራሱን ሊመግብ አይችልም፤ በቍስሉም የቅጠል በሽታ ይገባበታል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1889 ሊንደማን የተባለ ሊቅ ስም ሲያወጣለት በትምባሆ ስለ ጠራው ሊቃውንት እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይጽፉታል፤ ነገር ግን ነጭ ሽንኩርቱንም ጐመኑንም ጥጡንም አይምርም።

እንስቲቱ እንቍላሏን በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ትሰካለች። የተፈለፈሉት በአዲሶቹ ቅጠሎች መጋጠሚያ፥ በአንገቱ ጠባብ ስፍራ ተሸሽገው ይበላሉ፤ ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ወደ አፈር ወርደው ሳይበሉ ጥቂት ቀን ይቈዩና ክንፍ አውጥተው ይመለሳሉ። ሙቀት ሲበረታ ይህ ሁሉ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ይፈጸማል። እንግዲህ ከላይ የተረጨ መርዝ በቅጠል ሥጋ ያለውን እንቍላል፥ በአንገቱ የተሸሸገውን፥ በአፈርም ያለውን አያገኝም። አንዱን መርዝ ደጋግሞ የሚረጭ ሰውም ደካማውን ገድሎ መርዙን የሚችለውን ዘር ያበዛል።

በዚህ ነገር የተማረ ልጅ ለአባቱ እጅግ ይጠቅማል። በመርዙ ጠርሙስ ላይ በትልቁ የተጻፈው የነጋዴው ስም ነው፤ የመርዙ የራሱ ስም ግን በትንሹ ፊደል ይገኛል፥ ብዙ ጊዜም በባዕድ ቋንቋ ነው። ገበሬው «መድኃኒት ለወጥሁ» እያለ ያንኑ መርዝ በሌላ ስም ሊገዛ ይችላል። ፊደል በቅንጣት እንዲለያይ የተማራችሁ ሁሉ ያንን ትንሹን ጽሕፈት አንብቡለት።

ደግሞም ቍጠሩ። ከእርሻው ከአራቱ ማዕዘንና ከመካከሉ 20 እግር መርጣችሁ የውስጡን ቅጠል ገለጥ እያደረጋችሁ ተመልከቱ። ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ በአንድ እግር ከ5 እስከ 10 ሲገኝ ያን ጊዜ ይረጭ ይላሉ። አጥብቆ መጠበቅ የሚገባው ራሱ በሚወፍርበት ወራት ነው፤ ሊነቀል ጥቂት ቀን ሲቀረው መርጨት ገንዘብን ማፍሰስ፥ መርዙንም ወደ ወጥ መጨመር ነው። መርጫውን ግን እናንተ አትሸከሙ፤ በባዶውም ጠርሙስ ውሃ አትቅዱበት።

ተባዩ የሚበዛው በደረቅና በሞቃት ወራት ነው፤ ብርቱ ዝናብ ያጥበዋል። ስለዚህ ሽንኩርቱን ውሃ አለማስጠማት ይገባል። በመደቡ ላይ የስንዴ ገለባ ማልበስም ተባዩን እንደሚያሳንስ ተፈትኖ ታውቋል፤ የጤፉን ጭድ ግን በሬ ያለው ሰው እንዲሁ አይሰጥም፥ አይፈረድበትም። በቈላ ኒም የሚባል ዛፍ ካለ የፍሬውን ውስጥ ወቅጦ 50 ግራሙን በ1 ሊትር ውሃ ማሳደር፥ አጥልሎም ወደ ማታ መርጨት ነው፤ ፀሐይ ኀይሉን ያጠፋዋልና። የሽንኩርት ቅጠል ሰም ስላለው ውሃ ያንሸራትታል፤ ጥቂት ሳሙና ቢጨመርበት ይይዛል።

አዲሱን ችግኝ ከአሮጌው የሽንኩርት እርሻ አጠገብ መትከል ተባዩን ከቤቱ ጐን ማሳደር ነው። ከመከር በኋላ በማሳው የቀረውን ሽንኩርት ነቅሎ፥ አረሙንም ለቅሞ ማጥፋት፥ በሚመጣውም ጊዜ በዚያ መሬት በቆሎ ወይም ሌላ እህል መዝራት ይገባል።