ስለ አሮጌዋ ቮልስዋገን ፍሬን የተደረገ ንግግር



በዛሬው በዓል እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ ትምህርት ጥቅም እንድንናገር ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኛ ግን የመጣነው ስለ ፍሬን ልንነግራችሁ ነው። ከወላጆቻችን መካከል ጀርባዋ ጎባጣ የሆነችውን ቮልስዋገን ዛሬም የሚነዱ አሉና። ይህች መኪና በሜክሲኮ አገር መሠራቷ ያቆመው በ1995 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2003) ነው፤ በአዲስ አበባ ዳገቶች ላይ ግን አሁንም ትታያለች።

ዳገቱን መውጣቷስ ደግ ነው፤ ጭንቁ መውረዱ ነው። የአሮጌዎቹ አራቱም ጎማዎች የሚቆሙት በታምቡር ፍሬን ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱ በቧንቧ ተገፍቶ በየጎማው ያለውን ትንሽ ሲሊንደር ይከፍታል፤ ይኸውም ሁለቱን ሸራዎች ወደ ውጭ ገፍቶ ከሚዞረው ታምቡር ጋር ያፋትጋቸዋል። ከሁለቱ አንደኛውን ደግሞ ታምቡሩ ራሱ በመዞሩ እየጎተተ ይበልጥ ያጣብቀዋል። ይህ ለእግራችን ትልቅ እርዳታ ነው፤ መዘዙም ከዚሁ ይመጣል። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለችው ትንሽ ልዩነት በዚህ ጉተታ ትበዛለችና፤ መኪናዋም በድንገት ወደ አንድ ወገን ትሄዳለች።

እንግዲህ ካቻቢቴ ከማንሳታችን በፊት ፔዳሉን እንመርምር። መጀመሪያ ርቆ ወርዶ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረገጥ ከፍ የሚል ከሆነ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል፤ ማጥበቅ ይበቃዋል። እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ አየር ገብቶበታል። እግራችንን አጽንተን ስንይዘው ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ግን ዘይቱ ይፈሳል፣ ወይም የዋናው ሲሊንደር ጎማ አልቋል፤ ይህችን መኪና መንዳት አይገባም። «ዘይት ጨምርበትና ሂድ» የሚሉ ምክር ሰጪዎች ሞልተዋል፤ የጨመሩት ዘይት የት እንደሚሄድ ግን አይጠይቁም።

ማጥበቁ እንዲህ ነው። መኪናዋን በሜዳ ላይ አቁመን በቀሩት ጎማዎች ሥር ድንጋይ እናደርጋለን (ሥራው ሲያልቅ ድንጋዩን ከመንገድ ማንሳት የማይወድ ሾፌር ብዙ ነው)፤ ከዚያም በክሪክ እናነሣታለን። የኋላውን ስናስተካክል የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ አለበት። ሸራዎቹ ቦታቸውን እንዲይዙ ፔዳሉን ጠንከር አድርገን እንረግጣለን። በየጎማው ሁለት ጥርሳም ማስተካከያዎች አሉ፤ ለየሸራው አንድ አንድ። በቀዳዳው ካቻቢቴ አስገብተን፣ ጎማውን በእጃችን እያዞርን፣ ሸራው ታምቡሩን መፋቅ እስኪጀምር አንዱን እናጠብቃለን፤ ቀጥሎም ጎማው በነጻነት እስኪዞር 3 ወይም 4 ጥርስ እንመልሰዋለን። ሁለተኛውንም እንደዚሁ፤ አራቱንም ጎማ እንደዚሁ። ቸኩሎ አንዱን ብቻ አጥብቆ መሄድ ጨርሶ ካለመንካት ይከፋል። የእጅ ፍሬኑ ገመድ የሚጠብቀው በመጨረሻ ነው።

ማስተካከል ግን ያለቀ ሸራ አያድንም። እያጠበቅን ብንሄድ ሸራውን የያዙት ሚስማሮች ታምቡሩን መቧጨር ይጀምራሉ። ዘይት የነካው ሸራም ታጥቦ አይድንም፤ በግራም በቀኝም አብሮ ይለወጣል። ታምቡሩ ሲከፈት አቧራውን በአፍም በነፋስ ፓምፕም አትንፉት። የቀድሞ ሸራዎች ሳንባን የሚጎዳው አስቤስቶስ አለባቸው፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል። በዚያ ቁልቁለት ፍሬን ይዞ የወረደ ሾፌር ታምቡሩን ያግላል፤ የጋለ ብረት ስለሚሰፋ ታምቡሩ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም በሙቀት መያዝ ይሳነዋል። አሮጌ የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ስለሚጠጣ ይፈላል፤ ፔዳሉም ባዶ ይወርዳል። እንግዲህ ገና ከላይ ሳለን ማርሹን ዝቅ አድርገን በሞተሩ እየተያዝን እንውረድ። ፍሬኑ ከሸተተን ጥግ ይዘን፣ ታምቡሩ በራሱ እስኪበርድ እንጠብቅ፤ ውኃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ይችላል።