በባትሪውና በሞተሩ መካከል ስላለው ሳጥን



መንግሥታችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ባትሪው ነው። በባትሪውና በሞተሩ መካከል ስላለው ሳጥን ግን የሚጠይቅ አልገጠመንም። እኛ ዛሬ የምንናገረው ስለዚሁ ሳጥን ነው፤ ስሙም ኢንቨርተር ይባላል።

ኢንዳክሽን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1888 በኒኮላ ቴስላና በጋሊሌዎ ፌራሪስ ሥራ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የጄኔራል ሞተርስ ኢቪ 1 መኪናም የተነዳው በዚሁ ዐይነት ሞተር ነበር። ሞተሩ ብሩሽም ቋሚ ማግኔትም አያሻውም፤ ሦስት ፌዝ ኤሲ ግን ይፈልጋል። ባትሪ የሚሰጠው ደግሞ ዲሲ ነው። ስለዚህ ኢንቨርተሩ በ6 ትራንዚስተሮች ዲሲውን በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ወደ ኤሲ ይለውጠዋል፤ የኤሲውን ድግግሞሽ ከፍና ዝቅ በማድረግም የመኪናውን ፍጥነት ይገዛል።

ችግሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ኢንቨርተር የሚያውቀው ሙሉውን ወይም ምንም ነው። ባትሪው 800 ቮልት ከሆነ፣ ከአንድ ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ 800ው በሙሉ ሞተሩን ይመታዋል። ይህ ምት በሽቦው ላይ የተቀባውን ቫርኒሽ እያደከመ ይሄዳል፤ በዘንጉ በኩል የሚያልፈው ትንሽ ከረንትም ኩሽኔታውን ይቦረቡረዋል። ከፎቅ የዘለለም በደረጃ የወረደም ምድር ይደርሳል፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ጉልበት ነው!

ናባኤ፣ ታካሃሺና አካጊ የተባሉ የጃፓን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጽሑፍ የገለጹት ባለ ሦስት ደረጃ ኢንቨርተር፣ ይህን ደረጃ ለሞተሩ ይሠራለታል። ቮልቱን በሁለት ካፓሲተሮች ለሁለት ስለሚከፍለው፣ 800ው በአንድ ጊዜ መሆኑ ቀርቶ 400 በ400 ይወጣል። እያንዳንዱ ትራንዚስተር የሚሸከመውም ግማሹን ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ በነፃ አይገኝም። ትራንዚስተሮቹ 12 ይሆናሉ፤ 6 ዳዮዶች ይጨመራሉ፤ የሁለቱ ካፓሲተሮች ቮልትም ዘወትር እኩል እንዲሆን መጠበቅ አለበት። በዚህ በመካከላችን ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። የተስማማነው፣ ለ400 ቮልት ትንሽ መኪና ባለ ሁለት ደረጃው እንደሚበቃ፣ ለ800 ቮልት ግን ወጪው ተገቢ እንደ ሆነ ነው። አንደኛው ጓደኛችን ግን እስከ ዛሬ አልተረታም፤ «የተቃጠለ ሞተር ሽቦውን ጠምጥሞ የሚመልስ አይጠፋም፤ ይህን ሁሉ ትራንዚስተር ያጨቀ ሳጥን ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?» ይላል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ከእኛ መካከል ሦስቱ ይህንኑ ሙያ ለመማር አስበዋል።

ካፓሲተሮቹ ባትሪው ከተለየ በኋላም ቮልት ይዘው ስለሚቆዩ፣ ሳጥኑን የሚከፍት ሁሉ አስቀድሞ በመለኪያ ይለካ።