ለስንዴ ዋግ ፎቶግራፍ ስም ስለ መስጠት



እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 አይ ሲ ኤል አር የተባለው፣ ከምሳሌ የሚማሩ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን የሚያጠኑ ሊቃውንት ጉባኤ፣ ቦሌ በሚገኘው በሚሌኒየም አዳራሽ ሊካሄድ ታስቦ ነበር። ጉባኤው በአፍሪካ ምድር ሲሰየም የመጀመሪያው ይሆን ነበር። ነገር ግን የኮቪድ ወረርሽኝ መንገዱን ሁሉ ስለ ዘጋ ስብሰባው በኢንተርኔት ተደረገ፤ አዳራሹም በዚያው ዓመት የሕሙማን ማከሚያ ሆነ። እንግዶቹ ሳይመጡ ቢቀሩም፣ ከጉባኤው ጋር ተያይዞ ለውድድር የቀረበ አንድ ሥራ የኢትዮጵያን ስንዴ የሚመለከት ነበርና መሐንዲስ ሊመረምረው ይገባል።

ለውድድሩ የዋሉት ፎቶግራፎች አብዛኞቹ ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከልና ተባባሪዎቹ ከኢትዮጵያና ከታንዛንያ ማሳዎች ያነሷቸው ናቸው። የማዕከሉ የኢትዮጵያ ጽሕፈት ቤት ከዚያው አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ፣ ጉርድ ሾላ በእንስሳት ምርምር ተቋም ግቢ ውስጥ ይገኛል። ፕሮግራሙ እንዲማር ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ከሦስት ስሞች አንዱ ተሰጠው፤ እነርሱም ጤነኛ ስንዴ፣ የቅጠል ዋግና የግንድ ዋግ ናቸው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ ከስሙ ነው። የግንድ ዋግ በስሙ ቢታመኑበት ያሳስታል፤ በቅጠልም ላይ ይወጣልና። የቅጠል ዋግ ነጠብጣብ ትንሽና ክብ፣ ቀለሙም ብርቱካናማ ሆኖ ወደ ቡናማ ያደላል፤ የግንድ ዋግ ግን ረዘም ያለ፣ እንደ ሸክላ የቀላ፣ የተክሉንም ቆዳ ቀድዶ የሚወጣ ነው። ይህንን በማሳ ቆሞ በጣት እየዳሰሱ መለየት አንድ ነገር ነው፤ በደመና ቀን ከተነሣ ፎቶግራፍ መለየት ግን ሌላ ነው። ከዚህም በላይ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ምስል ውስጥ አብረው የሚታዩበት ጊዜ አለ። የውድድሩ ደንብ በዚህ ጊዜ ለጎላው በሽታ ብቻ ስም እንዲሰጥ አዘዘ፤ የሌላው መኖር ከመዝገቡ ጠፋ ማለት ነው።

በባሕር ወለል ላይ የኮራል ዝርያዎችን የሚመዘግቡ ተመራማሪዎች ሌላ ልማድ አላቸው። ኮራል ኔት በመሰለ ፕሮግራም ሲሠሩ ለመላው ፎቶግራፍ አንድ ስም አይሰጡም። ፕሮግራሙ በምስሉ ላይ ነጥቦችን ይበትናል፤ ባለሙያውም ከእያንዳንዱ ነጥብ ሥር ያለው የትኛው ኮራል፣ ወይም አልጌ፣ ወይም አሸዋ እንደ ሆነ ይሰይማል። ከነጥቦቹም ብዛት የእያንዳንዱ ድርሻ በመቶኛ ይሰላል። ሥራው አድካሚ ነው፤ ሆኖም የጎላው ያልጎላውን አይውጠውም። ባሕር የሌላት አገር ከባሕር ሰዎች ልትወስደው የሚገባ ብልኀት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከመጠን ያለፈ የሚመስለው ቢኖር፣ ዲጋሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በኩብሳና በሌሎችም ዝርያዎች ላይ ብርቱ ጉዳት አደረሰ። ገበሬዎችም ቢጫ ዋግን የሚቋቋመውን ዲጋሉን በሰፊው ዘሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን አዲስ የግንድ ዋግ ዘር በባሌና በአርሲ ተነሥቶ ዲጋሉን መታው። ከአንዱ ዋግ ያዳነ ዝርያ ለሌላው ዋግ ተጋልጦ ተገኘ። ስለዚህም የበሽታው ስም ሲሳሳት በሚቀጥለው ክረምት የሚዘራው ዘር ይሳሳታል። በውድድሩ ከተሰጡት ሦስት ስሞች መካከል ደግሞ ቢጫ ዋግ አልነበረም። ቢጫ ዋግ የያዘው ቅጠል ፎቶግራፍ ቢቀርብለት፣ በእነዚያ ሦስት ስሞች ብቻ የተማረ ፕሮግራም ከሦስቱ አንዱን ከመስጠት በቀር ምርጫ የለውም።

የዋጉን ዘር መለየት ከፎቶግራፍ አቅም በላይ ነው፤ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ በመለያ ዝርያዎች ላይ ይፈተናል፤ ይህም በአምቦ የምርምር ማዕከል ሲሠራበት የኖረ ነው። ለፎቶግራፉ ግን ሊደረግ የሚቻለው ብዙ ነው። ሁለት የዕፀዋት በሽታ ዐዋቂዎች ሳይመካከሩ አንዱን ምስል ይሰይሙት፤ የተለያዩበትም ምስል ከነልዩነቱ ይመዝገብ እንጂ አይጣል። «አይታወቅም» የሚል ስምም ይጨመር። የተነሣበት ወረዳ፣ ቀንና የስንዴው ዝርያ ከምስሉ ጋር ይያያዝ። የሰያሚዎቹም ደመወዝ ከኮምፒዩተሩ ዋጋ ጋር በአንድ በጀት ይያዝ፤ እስካሁን በብዙ ዕቅዶች ውስጥ የሚረሳው ይኸው ነውና።