ልጅ ሕመሙን በምን ቃል ይናገራል?



የሥጋ ቍስል ለዓይን ይታያል፤ የመንፈስ ሕመም ግን ካልተጠየቀ አይገለጥም። ጥያቄውም በአገሩ ሰው ቃልና ልማድ ካልቀረበ መልስ ሳያገኝ ይቀራል። ይህን ነገር ከነገሌ ቦረና እስከ ያቤሎና ሞያሌ ባለው የደቡብ ቈላ የሚኖሩ ወላጆችና መምህራን ሊያስቡበት ስለሚገባ፣ ምክንያቱን በምሳሌ እናስረዳለን።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት፣ በቦረና ከብት አርቢዎች መካከል ያለውን የአእምሮ ሕመም መርምሮ ነበር። መጠይቁ በብዙ አገሮች የታወቀ ሲሆን፣ ስኪዞፍሬንያ የተባለው ብርቱ ሕመም ያለበት ሰው ግን አንድ ስንኳ አላገኘም። ዶክተር ተሾመ ሽብሬና የሥራ ባልደረቦቻቸው በዚህ አልረኩም። ሕዝቡ ራሱ «መራታ» የሚለው ምን ዐይነቱን ሰው እንደ ሆነ ጠየቁ፤ የአገሩ ሰዎችም እንዲጠቍሟቸው አደረጉ። ሕመምተኞቹም ተገኙ። የጥናቱ ውጤት በ2010 ታተመ። እንግዲህ ሕመሙ ከመጀመሪያውም በአገሩ ነበረ፤ የፊተኛው መጠይቅ ግን ሊደርስበት አልቻለም።

ይህ የዐዋቂዎች ጕዳይ ነው። በሕፃናት ዘንድ ችግሩ ይብሳል፤ ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት ቃል ገና አልበሰለላቸውምና። ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት በመራው ጥናት ለወላጆች የሚቀርቡ 10 አጫጭር ጥያቄዎች ተዘጋጁ። ልጁ እንቅልፍ ይነሣዋልን? ራሱን አዘውትሮ ያመዋልን? ያለ ምክንያት ይደነግጣልን? ከሌሎች ልጆች ጋር አይጫወትምን? ከቤት ይኮበልላልን? በመኝታው ይሸናልን? ይጥለዋልን? የሚሉት ከነዚሁ መካከል ናቸው። በ1999 በታተመው የአምቦ ወረዳ ጥናት፣ በዚሁ መጠይቅ የባሕርይ መታወክ ምልክት የታየባቸው ልጆች ከመቶ 17.7 ሆኑ።

ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 ድረስ በቦረና ቈላ አምስት የዝናም ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ከብት አለቀ፤ ብዙ ቤተ ሰብም መንደሩን ለቆ እንደ ዱብሉቅ ባሉ የተፈናቃዮች ሰፈሮች ተጠለለ። የሚጠብቀው ጥጃ ሲሞት ያየ ልጅ «አዘንሁ» ላይል ይችላል፤ «ራሴን አመመኝ» ይላል፤ ወይም ዝም ይላል። ይህን ያላስተዋለ መምህር ሰነፍ ይለዋል፤ አባቱም ይቈጣዋል። ነገር ግን በአለንጋ የሚድን ሕመም የለም።

ስለዚህ ልጁን በእናቱ ቋንቋ፣ በእርጋታ ጠይቁት። አንድ ምልክት ለጥቂት ቀን ቢታይ አያስደነግጥ፤ ለሳምንታት ቢቈይ፣ ከጨዋታና ከትምህርትም ቢለየው ግን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የሚጥለው ልጅ መድኀኒት እንዳለው ዕወቁ፤ ሕክምናውን እስኪያገኝም ከእሳትና ከጥልቅ ውሃ አርቁት።

በቦረና ከጥልቁ ኤላ ውሃ የሚወጣው፣ ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተሰልፈው ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉት ነው። አንዱ እጁን ቢሰበስብ ከብቱ ይጠማል። የልጅም ሕመም እንዲሁ ነው፤ እናት ያየችውን ለመምህር፣ መምህር ያስተዋለውን ለጤና ሠራተኛ ካላቀበለ፣ ልጁ በጥልቁ ብቻውን ይቀራል።